ፈረስ ያስተማረው መምህር



በዛሬው ንግግሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት በአገራችን የመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ደረጃና ደመወዝም ስላልተቈረጠለት አንድ ሙያ ነው። ይኸውም ፈረስን በሥርዓት ገርቶ የማሳየትና ይህንኑ ጥበብ ለሌላው ሰው የማስተማር ሥራ ነው። ፈረንሳዮች «ድረሳዥ» ብለው ሰይመውታል፤ የቃሉም ፍች ማሠልጠን፣ መግራት ማለት ነው። ከእናንተ መካከል «ሲጽፍና ሲፈርም ለሚውል ሰው ይህ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ሰው «እኔ ባለሙያ ነኝ፤ ሌላውንም ማስተማር እችላለሁ» ለማለት የሚበቃው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛም ለጽሕፈት ቤት ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ ጥያቄው በዚህ ሙያ ውስጥ እንደሚታየው ጥርት ብሎ የሚታይበትን ሌላ ሥፍራ ግን እኔ አላገኘሁም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ፈረስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ነገሥታቶቻችንና መኳንንቶቻችን በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ የለም። ባልደራስ የሚለውም ማዕርግ የፈረሶቹን ነገር ለሚመራው ሹም የሚሰጥ ነበር። በጉግስ ጨዋታ ላይ ፈረሰኛው ሽምጥ እየጋለበ ዘንጉን ሲወረውር፣ የሚሸሸውም ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው ሲመክት ያየ ሰው፣ የአባቶቻችን የፈረስ ብልኀት በምን እንደሚለካ ያውቃል፤ በፍጥነትና በድፍረት ነው። ድረሳዥ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መለኪያ አለው። እዚህ የሚደነቀው የሮጠው ፈረስ አይደለም። አንድ ስንዝር ወደ ፊት ሳይሄድ፣ ባለበት ሥፍራ ላይ ሶምሶማ እንደሚረግጥ ሆኖ እግሮቹን በምት የሚያነሣና የሚጥል ፈረስ ነው የሚደነቀው። ይህን እርምጃ «ፒያፍ» ይሉታል። በውድድር ጊዜ ሜዳው 60 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ወርድ አለው፤ ዳኞቹም ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ፈረሰኛው በድምፁ ማዘዝ ክልክል ነው። እጁ ሲወራጭ፣ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ከታየም ያው ጉድለት ሆኖ ይቈጠርበታል። ተመልካቹ ፈረሱ በገዛ ፈቃዱ የሚጨፍር፣ ፈረሰኛውም እንዲያው ተሸክሞት የሚሄድ ዕቃ ሆኖ ሲታየው፣ ያን ጊዜ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

ይህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ በቀድሞው መልኩ ተጠብቆ የሚገኘው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪዬና ነው። ትምህርት ቤቱ «የስጳኝ ፈረሰኞች ትምህርት ቤት» ይባላል፤ ስሙም የመጣው ፈረሶቹ በዘራቸው ከስጳኝ ስለተገኙ ነው እንጂ ስጳኛውያን ስለመሠረቱት አይደለም። ታሪኩ ከዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚቈጠር ነው። ዛሬ የሚሠሩበትን አዳራሽ ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ ነው፤ ግንባታው በ1729 ተጀምሮ በ1735 ተፈጸመ። አዳራሹ ነጭ ነው፤ ዙሪያውን በ46 ዓምዶች የተደገፈ ሰገነት አለው፤ ከጣራው ትላልቅ መብራቶች ተንጠልጥለዋል፤ ወለሉ ግን አሸዋ ነው። ለነገሥታት ግብዣ የሚሆን ቤት ውስጥ ፈረስ ሲረግጥ ማየት ለእንግዳ ሰው ያስደንቃል። በአንደኛው ጫፍ የካርል ስድስተኛ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ፈረሰኞቹም ሲገቡ ባለሁለት ማዕዘን ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሥዕሉ እጅ ይነሣሉ። የኦስትሪያ የንጉሥ መንግሥት በ1918 ከፈረሰ ወዲህ ስንኳ ይህ ሰላምታ አልቀረም። ልብሳቸው ቡናማ ረጅም ኮት ነው፤ ከኮቱም ጭራ ላይ ለዓይን የማትታይ አንዲት ኪስ አለች፤ ስኳር የሚያኖሩባት ናት። ፈረሱ ደኅና ሲሠራ ዋጋውን የሚያገኘው ከዚያች ኪስ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት ይህን ሙያ ሊማር ወደዚያ ቤት ገባ እንበል። ስሙ «ኤሌቭ» ይሆናል፤ ተማሪ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠብቀው ጋጣ ነው። ማለዳ ተነሥቶ ፈረስ ማሰናዳት፣ መጥረግ፣ ሰኮና ማጽዳት፣ ኮርቻና ልጓም መወልወል፣ የታላላቆቹን ፈረሶች እየሳበ ወደ አዳራሹ ማድረስና መቀበል ሥራው ነው። ከፈረስ ላይ የሚወጣበትም ጊዜ ሲደርስ ልጓሙን አይጨብጥም፤ እርካብም አይሰጠውም። መምህሩ መካከል ላይ ቆሞ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይይዘዋል፤ ፈረሱም ክብ እየሠራ ይዞራል፤ ተማሪው እጆቹን አሳርፎ ጀርባው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ምንም የለም። በዚህ ዓይነት ወራት ያልፋሉ፤ ለብዙዎቹም ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል።

ይህ ለምን እንደሆነ ጥቂት ላብራራ፤ የሙያው ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ፈረስ አንገቱና ራሱ ወደ ፊት የተንጠለጠሉ ስለሆነ፣ ከክብደቱ የሚበልጠውን ክፍል የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ሰው ሲጫንበት ይህ ጫና ይብስበታል፤ ካልተማረም ፊት እግሮቹና ጀርባው ቶሎ ይጐዳሉ። የድረሳዥ ሥራ በአጭሩ ሲነገር፣ ፈረሱ ኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር እያስገባ ክብደቱን በኋላው እንዲሸከም፣ ፊቱም እንዲቀልለት ማስተማር ነው። ይህንንም «መሰብሰብ» ይሉታል። በጡጫና በልጓም ኀይል የሚደረግ አይደለም። ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥ እንስሳ፣ ጀርባው ላይ የተቀመጠው ሰው ወደ ቀኝ ጥቂት ሲያዘነብል፣ ትንፋሹን ሲይዝ፣ ወገቡን ሲያጠብቅ ሁሉን ያውቃል። ስለዚህ የፈረሰኛው ዋናው ቋንቋ መቀመጫው ነው። ነገር ግን ሶምሶማ ሲረገጥ የጀማሪ ሰውነት ይነጥራል፤ መውደቅን የሚፈራ ሰውም ያገኘውን ይይዛል። በጕልበቱ ይጨብጣል፤ በልጓሙ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለበት ልጓም ደግሞ በፈረሱ አፍ ውስጥ ያለ ብረት ነው። እንግዲህ ሚዛኑን በራሱ ወገብ መጠበቅ ላልቻለ ሰው ልጓም ማስያዝ ለሕፃን ምላጭ እንደ መስጠት ይሆናል፤ የቪዬና ሰዎች የሚከለክሉትም ስለዚህ ነው።

በዚያ ክብ ውስጥ ሁለት መምህራን አሉ። አንዱ ገመዱን የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛውና በእኔ አስተያየት የሚበልጠው፣ ተማሪው የተቀመጠበት ሽማግሌ ድንጉላ ነው። ትምህርት ቤቱ ጽኑ የሆነ አንድ ደንብ አለው፤ ወጣት ፈረሰኛ ከሽማግሌ ፈረስ ይማራል፤ ወጣት ፈረስ ደግሞ ከሽማግሌ ፈረሰኛ ይማራል። ሁለት ጀማሪዎች አንድ ላይ አይጣመሩም። ዕድሜውን ሙሉ የሠለጠነው ድንጉላ ተማሪው ጠማማ ሆኖ ቢቀመጥ ወደ ተጠማዘዘበት ወገን ይሄድለታል። ተማሪው ሳያውቀው ተረከዙን ቢያስነካው ያልተጠየቀውን ፒያፍ ይጀምርለታል። ልጁም «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ይደነግጣል። ፈረሱ አያሾፍበትም፤ አይቈጣውም፤ የተነገረውን ፈጸመ እንጂ። ሰው የሆነ መምህር ከተማሪው ጋር ሲግባባ ስሕተቱን እየለመደው ይሄዳል፤ ፈረስ ግን በይሉኝታ ነጥብ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ ያለው የዓመታት ጕዞ ነው። ተማሪው ረዳት ፈረሰኛ ለመባል አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል። «በራይተር» የሚባለውን ሙሉ የፈረሰኛነት ማዕርግ ለማግኘት ግን ሌላ ፈተና አለ። አንድ ምንም የማያውቅ ወጣት ድንጉላ ይሰጠዋል፤ ያንን ፈረስ ራሱ ገርቶ፣ ሕዝብ ፊት ለትርኢት እስኪቀርብ ድረስ ማድረስ አለበት። ፈረሱ በአራት ዓመቱ ተጀምሮ ለመብሰል ስድስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ጠቅላላው ዘመን ሲደመር ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሆናል። በእኛ ቤት አንድ ጸሐፊ ሦስት ዓመት በአንድ ደረጃ ላይ ቢቆይ አቤቱታ ይጽፋል፤ ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የልጆች ወጪ እያደገ ነውና እውነቱን ነው። ለማወዳደር ያህል ብቻ ነው ያነሣሁት።

የፈረሶቹም መልክ ይህንኑ ዘመን ይነግራል። የሊፒሳ ዘር የሆኑት እነዚህ ድንጉሎች አምባላይ በመሆናቸው የታወቁ ናቸው፤ ሲወለዱ ግን ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው። ጠጕራቸው እየነጣ ሄዶ ፍጹም ነጭ የሚሆነው ከስድስት እስከ ዐሥር ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ነው። ስለዚህ ተማሪው ጥቁር ሆኖ የተቀበለው ፈረስ ነጭ ሆኖ ሲያበቃ፣ እርሱም ፈረሰኛ ይሆናል ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ ሳይነጣ የሚቀር ይገኛል፤ ከነዚህም አንዱን በጋጣው ማኖር የቈየ ልማዳቸው ነው፤ መልካም ዕድል ያመጣል ይላሉ። ከድንጉሎቹም ሁሉም የመጨረሻውን ደረጃ አይደርሱም። በኋላ እግሩ ብቻ ተቀምጦ ፊቱን አንሥቶ የሚቆመው፣ ወይም ወደ ላይ ዘሎ በአየር ላይ ሳለ በኋላ እግሮቹ የሚራገጠው ተሰጥዎ ያለው ብቻ ነው። የትኛው ፈረስ ለየትኛው ሥራ እንደተፈጠረ መለየት ደግሞ የአሠልጣኙ ብልኀት ነው፤ የማይችለውን አያስገድደውም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተጻፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ደ ላ ጌሪኒዬር በ1733 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ መሠረታቸው ነው። ሆኖም ቀሪው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከወገብ ወደ ወገብ የሚተላለፍ ነው። ዩኔስኮም በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው አዳራሹን ሳይሆን ይህንኑ የማስተላለፍ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት አንድ ትውልድ ቢቋረጥ ተመልሶ የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት የለም።

ሊቋረጥም ተቃርቦ ነበር። በ1945 የጦርነቱ መጨረሻ ላይ ቪዬና በቦምብ ስትደበደብ፣ የትምህርት ቤቱ አለቃ ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ ድንጉሎቹን በባቡር አስጭኖ በሰሜን ኦስትሪያ ወደምትገኝ ሳንክት ማርቲን ወደምትባል መንደር አሸሻቸው። ባዝራዎቹ ደግሞ በጀርመኖች ትእዛዝ በቼኮዝሎቫኪያ ምድር በሆስታው ነበሩ። ፈረስ በሌለበት ፈረሰኛ የለም፤ ባዝራ በሌለበትም የሚመጣ ፈረስ የለም። የአሜሪካ ጦር ደርሶ መንደሯን በያዘ ጊዜ ፖድሃይስኪ ያደረገው ነገር አቤቱታ መጻፍ አልነበረም። ግንቦት 7 ቀን 1945 በጄኔራል ፓተን ፊት ትርኢት አቀረበ፤ በመጨረሻም በፈረሱ ሆኖ ወደ ጄኔራሉ ቀርቦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ትምህርት ቤቱን ከጥፋት እንዲጠብቅለት ለመነው። ፓተን ራሱ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረ፣ በ1912ቱም ኦሊምፒክ የተወዳደረ ሰው ነበርና ጥበቃውን ፈቀደ። ባዝራዎቹንም ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ከሆስታው አውጥተዋቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ወደ ቪዬና አዳራሹ የተመለሰው ከዐሥር ዓመት ስደት በኋላ በ1955 ነው።

ስለ ፖድሃይስኪ አንድ ቃል ልጨምር። ይህ ሰው አለቃ ከመሆኑ በፊት በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ «ኔሮ» በሚባል ፈረስ የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል፤ ኔሮም በእሽቅድምድም አልረባም ተብሎ የተጣለ ፈረስ ነበር። በኋላ ዘመኑ ከጻፋቸው መጻሕፍት ውስጥ አንዱ ርእሱ «ፈረሶቼ መምህሮቼ» ማለት ነው። የዚያን ያህል የከበረ አለቃ፣ የመምህርነቱን ማዕርግ ለፈረሶቹ መልሶ የሰጠበት ርእስ ስለሆነ በጣም ደስ ይለኛል።

ማዕርግ ካነሣን ዘንድ፣ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚስማማ አንድ ታሪክ አለ። እስከ 1948 ድረስ በኦሊምፒክ ድረሳዥ መወዳደር የሚችለው የጦር መኮንን ብቻ ነበር። ስዊድኖች በዚያ ዓመት በለንደን ውድድር በቡድን የወርቅ ሜዳልያ አገኙ። ከቡድኑ አንዱ ዬናል ፔርሶን ይባላል። በኋላ ሲመረመር ፔርሶን ሥራው የሃምሳ አለቃነት ሆኖ ሳለ፣ ለውድድሩ ሲባል ብቻ ጥቂት ቀደም ብሎ የመኮንንነት ማዕርግ ተሰጥቶት፣ ውድድሩም እንዳለቀ ማዕርጉ ተመልሶ እንደተወሰደበት ታወቀ። ሜዳልያው በ1949 ከስዊድን ተነጥቆ ለፈረንሳይ ተሰጠ። ፈረሱ ግን በትከሻው ላይ ስንት ኮከብ እንዳለ አልጠየቀውም ነበር። ደንቡ ከተሻረ በኋላ በ1952 በሄልሲንኪ ያው ፔርሶን በነበረበት ቡድን ስዊድን እንደገና ወርቁን ወሰደች፤ ማንም አልነጠቃትም።

በዚያው በሄልሲንኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ ሜዳ ተወዳደሩ። ሊስ ሃርቴል የምትባል የዴንማርክ ሴት በ1944 በፖሊዮ ተይዛ ከጕልበቷ በታች እግሮቿ ሰልለው ነበር። ፈረስ ላይ ሰው አውጥቶ ያስቀምጣታል፤ ሰው ያወርዳታል። እንግዲህ እግር የሌለው ፈረሰኛ በምን ያዛል? በወገቧ፣ በጀርባዋ፣ በክብደቷ ነው። «ጁብሊ» የምትባለው ባዝራዋም ያንን ቋንቋ ተማረች፤ ሁለቱ አንድ ላይ የብር ሜዳልያ አገኙ። በ1956ም ደገሙት። ቀደም ሲል ስለ መቀመጫ የነገርኋችሁን ያጋነንሁ የመሰለው ሰው ካለ ይህችን ሴት ያስባት። የቪዬናው ትምህርት ቤት ግን ለሴቶች ደጁን ለመክፈት እጅግ ዘገየ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጃገረዶች የተቀበለው በ2008 ነው። ከነርሱም አንዲቱ በ2016 በራይተር ሆነች። ቍጥሩን አስሉት፤ ስምንት ዓመት ነው። ለወንዶቹ ከተቈረጠው ዘመን አንድም አልተቀነሰላትም።

ከቪዬና ውጭ ያለው ኑሮ ሌላ ነው። በዚያ ፈረሱም፣ ጋጣውም፣ ደመወዙም የመንግሥት ተቋም ጕዳይ ነው። በሌላው ዓለም ግን ይህን ሙያ የያዘ ሰው የሚተዳደረው በአብዛኛው ሌላውን በማስተማርና የሌሎችን ፈረሶች በመግራት ነው። በጀርመን አገር ነገሩ እንደማንኛውም የእጅ ሙያ ሥርዓት ወጥቶለታል፤ ሦስት ዓመት ተለማማጅነት አለ፤ ቀጥሎ ፈተና፤ ከዓመታት ሥራ በኋላ ደግሞ የመምህርነት ፈተና አለ። ሰውየው ጧት የባለጠጋውን ፈረስ ይገራል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች ያስተምራል፤ ማታ ጋጣ ይቈጣጠራል። ለራሱ የሚሆን ታላቅ ፈረስ ለመግዛት ግን ገንዘቡ አይደርስም። ስለዚህ ስድስትና ሰባት ዓመት የደከመበት ፈረስ፣ ልክ ሲበስል፣ ባለቤቱ ይሸጠዋል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ «ቶቲላስ» የሚባለው ጥቁር ድንጉላ ነው። የሆላንዱ ፈረሰኛ ኤድዋርድ ጋል በዚህ ፈረስ ላይ ሆኖ በ2010 በአሜሪካ በኬንተኪ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፈረሱ ወደ ጀርመን ተሸጠ። ዋጋው በይፋ ባይነገርም በሚሊዮን የሚቈጠር ዩሮ እንደነበር ሁሉም ያወራ ነበር። አዲሱ ፈረሰኛ ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ፈረሱም ያው ፈረስ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ መካከል የነበረው መግባባት በሽያጩ ደረሰኝ ላይ አልተመዘገበም። ቶቲላስ ጕዳትም እየበዛበት ሄዶ ወደ ቀድሞው ክብሩ ሳይመለስ በ2015 ከውድድር ወጣ፤ በ2020 ሞተ። ጋል ያን ፈረስ ሲለቅ ምን እንደተሰማው ልገምት አልፈልግም፤ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት ግን እንዲህ ያለ ቀን ሊመጣበት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና። ጥሩ ፈረሰኛ የሚያውቀውን የሚያውቀው በወገቡ ነው፤ ተማሪው ግን የሚቀበለው በጆሮው ነው። «አሁን ጀርባውን አነሣ፤ አሁን ላላ» የሚባለውን ነገር ያልቀመሰው ሰው እንዴት ይረዳዋል? ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ፈረሱን፣ ተማሪውን፣ በሁለቱም መካከል የሚተላለፈውን። ፈረሱ አልታዘዝ ሲል ጥፋቱ ከማን እንደሆነ መምህሩ በዚያች ቅጽበት መፍረድ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰውየው ነው። ሆኖም ትምህርቱን በገንዘቡ የሚገዛው ሰውየው ነው፤ ፈረሱ አይከፍልም። ከፋዩን ከመገሠጽ ይልቅ ፈረሱን መምታት ይቀልላል፤ ፈተናው ይህ ነው።

በዚህ ፈተና ታላላቆችም ይወድቃሉ። እንግሊዛዊቱ ሻርሎት ዱጃርዲን በካርል ሄስተር ጋጣ በ2007 ፈረስ አሰናጅ ሆና ገብታ፣ ከሥር ተነሥታ የተማረች ነበረች። በ2012 በለንደን «ቫሌግሮ» በሚባለው ፈረስ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ወሰደች፤ በ2016 በሪዮም በግል ውድድር ወርቁን ደገመች። ከጋጣ መጥረጊያ ተነሥቶ ወደ ወርቅ ለመድረስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልነበረም። በ2024 ግን የፓሪስ ኦሊምፒክ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከዚያ በፊት የተነሣ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወጣ። ዱጃርዲን ተማሪዋ የተቀመጠችበትን ፈረስ መሬት ላይ ቆማ እግሩን በረጅም ጅራፍ ደጋግማ ስትመታው ያሳያል። ጥፋቷን አምና ከውድድሩ ወጣች፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ማኅበርም አንድ ዓመት አገዳት፤ ገንዘብም ቀጣት። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው በውድድር ላይ ሳይሆን በማስተማር ሰዓት ነው። ተማሪዪቱ በዚያች ሰዓት ከመምህርዋ የተማረችው ምን እንደሆነ ማሰብ ያስጨንቃል፤ ከውድድሩ ከመውጣቷ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ዜኖፎን የሚባለው የግሪክ ጸሐፊ ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ በግዳጅ የሚሠራ ፈረስ ውበት እንደማይኖረው አስተምሮ ነበር። ትምህርቱ አዲስ አይደለም ማለት ነው፤ በየትውልዱ እንደ አዲስ መማር ግድ የሆነ ነው እንጂ።

ከአድማጮቼ መካከል ልጁ «ፈረሰኛና የፈረስ መምህር እሆናለሁ» ብሎ ያስቸገረው አባት ወይም ያስቸገራት እናት ትኖር ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድም ቢሆን ልጁን ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ሊያስገባ ያስብ ይሆናል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀትና ዋንጫ ተመልክታችሁ አትወስኑ። መጀመሪያ፣ ጀማሪ ተማሪ ከገመድ ላይ ለስንት ጊዜ እንደሚቈይ ጠይቁ፤ በሁለተኛው ቀን ልጓም እናስይዘዋለን ካሏችሁ ምክንያቱን ይንገሯችሁ። ቀጥሎም መምህሩ ራሱ ዛሬም የሚያርመው ሰው እንዳለው ጠይቁ፤ ራሱን በራሱ የሚያይ ፈረሰኛ የለምና፣ ያለሁበት ደረጃ ይበቃኛል የሚል ከሆነ ጥቂት ቈዩ። ትምህርትም ሲሰጥ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ፈረሱ ሲሳሳት መምህሩ መጀመሪያ የሚመለከተው ጅራፉን ነው ወይስ የተማሪውን አቀማመጥ?

በመጨረሻም ወደ ጋጣው ገብታችሁ ከሁሉ ያረጀውን ፈረስ አሳዩን በሉ። ዕድሜው ወደ ሃያ የተጠጋ ሆኖ ጀርባው ያልጐበጠ፣ እግሩም ያላበጠ ከሆነ፣ እንግዳ ሰውም ሲቀርበው ወደ ማዕዘኑ ሳይሸሽ ጆሮውን ወደ ፊት አቅንቶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ክፍያው መነጋገር ትችላላችሁ።